ዘነበች የጠፋችበት ረቂቅ

ባለፈው ወር መጨረሻ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የተከራየኋትን ክፍል አስረከብኩ። ክፍል ልበላት እንጂ ከአንድ ባልትና ሱቅ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የበርበሬ ጆንያ ይከመርባት የነበረች፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስገብታ ለሦስተኛ ሰው ቦታ የሌላት ነገር ናት። እዚያ ተቀምጬ አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ልብ ወለድ ሳርም ኖሬአለሁ። ደንበኞቼ ረቂቃቸውን ሲወስዱ ወረቀቱ በርበሬ በርበሬ ይሸታል እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ቁልፉን ስመልስ ባለሱቋ ጡረታ በመውጣቴ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ እሱ እውነት ነው። ያስወጣኝ ግን ዓይኔ አይደለም። በአንድ ሰው መጽሐፍ ላይ የሠራሁት ጥፋት ነው። ይህንንም የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ከማን እንደተማርኩት ካልተናገርኩ ጥፋቴ በቅጡ አይገባችሁም።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ ማተሚያ ቤት፣ በአንባቢነት ነው። አንባቢ ማለት የደራሲውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ነው፤ አራሚው አጠገቡ ተቀምጦ ለኅትመት የተለቀመውን ፊደል በጣቱ ይከተላል። አለቃችን ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር በቃል እንድንጠራ ያስገድዱን ነበር። በሥራው በገባሁ በሦስተኛው ወር ቤት ገብቼ እናቴን "ራት ደርሷል ወይ፣ ጥያቄ ምልክት" ብያት ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀችብኝ። ደመወዙን አላነሣውም፤ የሚነሣ አልነበረም። ከአንባቢነት ወደ አራሚነት፣ ከአራሚነት ደግሞ ፎቅ ላይ ወዳለው የአርትዖት ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ ነው ጋሽ አየለን ያገኘሁት።

ጋሽ አየለ አርታኢ ነበሩ። አጭር፣ ፊታቸው ሁልጊዜ የተቆጣ የሚመስል፣ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ሲቆጡ ያላየኋቸው ሰው። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይነኩም፤ በሰው ረቂቅ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል እንኳ የራሳቸውን አያስገቡም። ኅዳጉ ላይ የሚጽፉት ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እኔ የተሰበረ ዓረፍተ ነገር አይቼ በራሴ ቃል ብጠግነው፣ ላጲስ ሰጥተው ቁጭ ብለው እስካጠፋው ጠበቁኝ። "የሰውየው መጽሐፍ ነው" አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ደራሲ የመጀመሪያ ረቂቁን ሲያመጣ ተቀብለው ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ከዚያ ሂድና ሳታየው እንደገና ጻፈው ይሉታል። ደራሲው ይደነግጣል፤ አንዳንዱ ይሰድባል። እሳቸው ደግሞ ያላስታወስከውን መጽሐፉ አይፈልገውም ብለው ያሰናብቱታል። ከወራት በኋላ ሁለተኛው ረቂቅ ሲመጣ ግን ሌላው ግማሽ ሥራ ይጀምራል፤ ለእሳቸው ዋናው ይኸኛው ነበር። እኔ በአንድ ደብተር የሁለቱን ረቂቆች ሰዎች ጎን ለጎን እመዘግባለሁ፤ ባለታሪኩን፣ ጎረቤቱን፣ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ብቅ የምትለውን ሻይ ሻጭ ሳይቀር። ከሁለተኛው የጠፋው ሰው ስም አጠገብ ጥያቄ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ደራሲውን ያስጠሩና ሻይ አዝዘው ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። ለምን አወጣኸው ብለው አይጠይቁም። "እገሌ የት ሄደ?" ነው የሚሉት፣ የዘመድ ደኅንነት እንደሚጠየቅ። ደራሲው ሳያመነታ ሞቷል፣ አግብታለች፣ ድሮም አያስፈልግም ነበር ካለ ስሙ ይሰረዛል። ከተንተባተበ ያ ምዕራፍ ተመልሶ ይሰጠዋል። አንድ የገጠር መምህር የባለታሪኩ አባት የት እንደሄዱ ሲጠየቅ ሻዩን እስኪቀዘቅዝ ሲያማስል ቆየና ስለሳቸው መጻፍ እንደፈራ ነገረን። ይዞ ሄዶ የጻፈው ምዕራፍ ከዚያ መጽሐፍ ሁሉ የሚበልጠው ነበር። ሰው ከረቂቁ የሚያወጣው ትቶት፣ ፈርቶት ወይም ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ናቸው። ይህን ከሳቸው ተምሬ ነበር። ተምሬ ነበር ነው የምለው።

ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ጋሽ አየለ ጡረታ ወጥተው ነበር። ስሰናበታቸው ያንን ደብተር ሰጡኝ፤ ግማሹ ገና አልተጻፈበትም። እዚህ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ፓሳዴና አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እየተንከባከብኩ ስድስት ዓመት ቆየሁ። አሮጊቷ ስትሞት ልጆቿ አመስግነው አሰናበቱኝ። በዚያው ሰሞን መኪና ማቆሚያው ላይ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው የጻፈውን ልብ ወለድ እንዳይለት ለመነኝ። አየሁለት፣ አሳተመው፣ ለጓደኞቹ አወራ። ለካ ይህ ከተማ ሙሉ ደራሲ ነው። ታክሲ የሚነዳው ይጽፋል፤ ሽማግሌ የሚጠብቀው ይጽፋል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚገፋው ይጽፋል። ክፍሏን ተከራየሁ።

የጋሽ አየለን አሠራር ይዤ ነው የተከራየሁት፤ በኋላ ግን የቀረኝ ግማሹ ብቻ ነው። ረቂቁን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ እቆልፋለሁ፤ ሳያዩ ይጻፉት፣ ያላስታወሱትን መጽሐፉ አይፈልገውም እላለሁ። ግሌንዴል ልብስ መደብር የምትሠራ አንዲት ልጅ ስድስት መቶ ገጽ አምጥታ፣ አልቅሳ ሄዳ፣ በዓመቱ ሁለት መቶ ገጽ ይዛ ስትመለስ እጄን ሳመችኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ወጣ፤ እትዬ ጽጌ አስጥላ ታስጽፋለች ተባለ። ሁለተኛው ግማሽ፣ ደብተሩ፣ ሻዩ፣ "የት ሄደ?" የሚለው ጥያቄ፣ ቀስ በቀስ ቀረ። ሰዎቼ ጊዜ አልነበራቸውም። መኪናቸውን መብራቱ እያብለጨለጨ መንገድ ላይ አቁመው ነው ረቂቅ የሚወረውሩልኝ፤ ውይይታችን በስልክ ነው፣ እሱም እየነዱ። እንዲህ እያልኩ ነበር የማመካኘው። እውነቱን ለመናገር ግን ቸኮልኩ፤ ሙገሳውም ጣፈጠኝ። ረቂቅ ባጠረ ቁጥር የኔ ችሎታ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ በላቸው የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ኢንግልዉድ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜአቸውን በሙሉ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የመንገደኛ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲመጡ ከረባት አስረው ነበር። ረቂቁ በእጅ የተጻፈ፣ በቢጫ ወረቀት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ቅጂ አላቸው ወይ ብላቸው የለም አሉ፤ እርስዎ ይቆልፉበት የለ፣ ከዚህ የበለጠ የት ይቀመጣል አሉኝ።

ታሪኩ ሞጆ ከተማ መንገድ ዳር ስለሚያድግ አንድ ልጅ ነው። የልጁ አባት ጎሚስታ ነበሩ፤ የጭነት መኪና ጎማ ይጠግኑ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ታላቅ እህቱ ዘነበች ሥራውን ተረክባ ታሳድገዋለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሴት ጎማ አትፈታም ብለው እየተሳለቁ ያልፏታል። ጎማው የተነፈሰበትን ቀዳዳ ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲፈልግ፣ ዘነበች ጉንጯን በውኃ አርሳ ጎማው ላይ ታስጠጋለች፤ አየሩ የሚወጣበት ጋ ቆዳዋ ይቀዘቅዛል፣ እዚያ ላይ በጠመኔ ታከብበታለች። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ጎማ ያጠቆረውን የእህቱን ጉንጭ እያነሡ ይሰድቡታል፣ እሱም ያፍርባታል። ይህን ሳነብ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ብዙ ገጽ ትርፍ ነበረው፤ የሾፌሮች ቀልድ፣ ስለ ፖለቲካ የሚያስተምር ቄስ፣ ሁለት ሠርግ። ዘነበች ግን እውነተኛ ሰው ነበረች። ሳያዩ ይጻፉት ብዬ ቆለፍኩበት።

በሰባተኛው ወር ሁለተኛው መጣ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ገጽ። ሠርጎቹ ወጥተዋል፣ ቄሱ ወጥቷል። ዘነበች ግን ስም የላትም፤ "እህቱ" ብቻ ተብላለች። ኅዳጉ ላይ "ስሟን መተውዎ ጥሩ ነው፣ ምስጢር ጨምሮላታል" ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄ ሳይሆን ሙገሳ ነው የጻፍኩት፤ ጋሽ አየለ ቢያዩት ላጲስ ይሰጡኝ ነበር። በአዲስ ወረቀት እንደገና ይሞክሩት አልኳቸው። ሦስተኛው መቶ አርባ ገጽ ሆኖ ተመለሰ። እህት የምትባል የለችም። ልጁ ብቻውን ያድጋል፤ ጎማውን ማን እንደሚጠግን አይታወቅም። አንድ ቀን አንብቤ ጨረስኩና ሰውየው የዋዛ ደራሲ አይደሉም ብዬ አሰብኩ፤ የሚወዷትን ሰው ቆርጠው አውጥተው ባዶዋን ቦታ ብቻ ተዉልን ብዬ ተደነቅሁ።

ጋሼ በላቸው ለዚያ ረቂቅ መልስ ራሳቸው ነበር የመጡት፤ በስልክ መነጋገር አይወዱም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"እሷን ማውጣትዎ ትልቅ ድፍረት ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ማንን?" አሉ።

ሳቅሁ። ብልህ ደራሲ እንደዚያ ነው የሚመልሰው፣ ደህና አድርገው ቀለዱብኝ አልኩ። እሳቸውም ፊቴን አይተው አብረውኝ ሳቁ፤ ትንሽ ዘግይተው። ያ ሳቅ የገባኝ ዛሬ ነው። ሰውየው የሚስቁት ሌላ ሰው ስለሳቀ ነበር፤ እንዲያ ጨዋነታቸውን ሳይለቁ ነው ቀስ በቀስ ከራሳቸው ሲጠፉ የነበሩት። ደብተሩን አውጥቼ "ዘነበች የት ሄደች?" ብላቸው፣ በስሟ ብጠራላቸው፣ ያን ቀን መልስ ይኖራቸው ይሆናል። እኔ ግን አራተኛ ረቂቅ አዘዝኳቸው።

አራተኛው ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው። ልጁ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ገጽ እንደገና ይሄዳል። በሃያ ስድስተኛው እንደገና። ይህንንም ሆን ተብሎ የተደረገ ድግግሞሽ ነው ብዬ ተረጎምኩት። እንዲህ ዓይነት አንባቢ ነበርኩ እንግዲህ።

ረቂቁን በሰጡኝ በሳምንቱ ልጃቸው ሄለን መጣች። ፓሳዴና ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። አባቷ ወደ እኔ ሲመጡ መንገዱ ጠፍቷቸው ግሌንዴል አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ቆመው እንደተገኙ ነገረችኝ፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነው ሲሉ ነበር። አልተቀመጠችም።

"እትዬ ጽጌ፣ አባዬ ሜሞሪው ሄዷል። ዶክተሩ ቴስት አድርጎታል፣ ቱ ይርስ አካባቢ ሆኖታል ነው የሚለው። ሶ፣ እባክሽ ከዚህ በኋላ ሆምወርክ አትስጪው።"

"ሆምወርክ?" አልኩ።

"እሱ እንደዛ ነው የሚለው። ኪችን ቴብሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ከዛ ደግሞ ራሱን ያጽናናል፤ 'አስተማሪዋ ያላስታወስከውን መጽሐፉ አይፈልገውም ብላለች' ይላል።"

ውኃ ልስጥሽ አልኳት። አልፈለገችም። በሩ ጋ ደርሳ ግን ተመለሰችና ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። አባቷ ቤት ውስጥ ዘነበች፣ ዘነበች እያሉ ይጣራሉ፤ እናቷ ስሟ ዘነበች አይደለም፣ የምታውቀው ዘመድም የለም። የማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ረቂቁን አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

ሄለን ስትሄድ መሳቢያውን ከፍቼ የመጀመሪያውን ረቂቅ አወጣሁ፤ የጋሽ አየለንም ደብተር አወጣሁ። በማተሚያ ቤቱ እሠራ እንደነበረው ጎን ለጎን መዘገብኩ። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው አለ። በሁለተኛው አሥራ አንድ፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው አንድ ልጅ። አሥራ ስምንት ጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በጊዜው ብሠራው በሁለተኛው ረቂቅ ነገሩን አየው ነበር። እኔ ሰውየው ሲረሱ ሠለጠኑ ብዬ አጨበጨብኩ፤ የሚጽፉበትን ነጭ ወረቀት እየሰጠሁ ጭራሹን አስረሳኋቸው። ሐኪም ላላቆመው በሽታ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በሽታውን አላቆመውም ነበር። ጥያቄዬን ግን መልስ ሳለ እጠይቅ ነበር።

ምክንያቱም የመጀመሪያው ረቂቅም ዘነበች የት እንደደረሰች አይናገርም። ልጁ ጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ እሷ ጎማ እያነሣች ነው፤ ሁለት እጇ ተይዞ ስለነበር አላውለበለበችለትም። ከዚያ በኋላ መቶ ገጽ አለ፤ አንዴም አትነሣም። እዚያ ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ "ዘነበች ከዚህ በኋላ የት ሄደች? ይጠየቅ" የሚል አገኘሁ። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን የጻፍኩት ነው። ጽፌው ቆለፍኩበት።

ቤታቸው ሄጄ ለሄለን ያለኝን መልስ ሰጠኋት፤ ዘነበች በመጽሐፉ ውስጥ የልጁ እህት መሆኗን፣ ከመጽሐፉ ውጭ ማን እንደሆነች ግን እንደማላውቅ ነገርኳት። አማርኛ አታነብም፤ ቁጭ ብዬ ስለ ጉንጯና ስለ ጎማው ነገርኳት።  ከዚያ መጽሐፉን ጨርሺለት አለችኝ፤ አንቺ ኤዲተር ነሽ፣ እህቱ የት እንደሄደች አንድ ነገር ጻፊ፣ እሱ አያውቅም፣ ሰውም አያውቅም። እስኪ ላስብበት ብዬ ሄድኩ።

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ነው። ልጁ ከዓመታት በኋላ ሞጆ ይመለሳል፤ ዘነበች ሸምግላ በሩ ላይ ታገኘዋለች፤ ጉንጯን ይስማታል። ራሴ ጽፌ ራሴ አለቀስኩ። የሳቸውን ዓረፍተ ነገር አካሄድ እስክመስል ድረስ ጎበዝ ነኝ፤ ማንም አይለየውም። ቢጫ ወረቀት ገዝቼ በእጄ ገለበጥኩት።

የዛሬ ሦስት ቅዳሜ ኢንግልዉድ ሄድኩ። ከዚያ በፊትም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለጋሼ በላቸው አነብላቸው ነበር፤ መጀመሪያ የተማርኩት ሥራ ይኸው ነው፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ። በየመሐሉ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አቆማለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ይቀጥሉ ይሉኛል። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ለመነሣት ይሞክራሉ፤ ትሕትናቸው አልጠፋም። ያን ቀን ሄለን ከኋላችን ልብስ እያጠፈች ነበር። ሁለቱ ገጾች ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፤ ከጭነት መኪናው ምዕራፍ ቀጥዬ የሳቸው አስመስዬ ላነባቸው ወስኜ ነበር።

ልጁ መኪናው ላይ ወጣ። ዘነበች ጎማውን እንዳቀፈች ቀረች። አነበብኩና ገጹን አስቀመጥኩ። ጋሼ በላቸው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገዋል።

"ከዚያስ? ልጅቱ የት ሄደች?" አሉኝ።

የጋሽ አየለን ጥያቄ ቃል በቃል ነው የጠየቁኝ። ሄለን ማጠፏን አቆመች፤ ወደ ቦርሳዬ ስታይ አየኋት። ቦርሳው እግሬ ሥር ነው። እጄን ብሰድድ ዘነበች ትመለስላቸው ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ፣ ሸምግላ፣ ይቅር ብላ። ይደሰቱም ነበር። ነገር ግን እሷ የኔ ዘነበች ትሆን ነበር። የሳቸውን ካጠፋሁባቸው በኋላ የራሴን ልሰጣቸው አቅሙ አልነበረኝም።

"አላውቅም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "እዚህ አልተጻፈም።"

ቅር አላቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉና ረቂቁን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ የባለሙያ አነካክ።

"ደራሲው በሕይወት አለ?" አሉኝ።

"አሉ" አልኩ።

"እንግዲያው ይጠይቁልኝ" አሉ። "ሳይረሳው ይጠይቁልኝ።"

እጠይቃለሁ አልኳቸው። አውሮፕላን እስኪያልፍ ጠብቄ ቀጣዩን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።